የፕሌቶን መስመር በሜትር መለካት፦ ከደብረ ማርቆስ አንድ የጉዳይ ጥናት

የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ ፕሌቶ ሪፐብሊክ በተባለው ድርሰቱ 6ኛ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ መስመር እንድንሰምር ያዘናል። ድርሰቱ ጭውውት ነው፤ መምህሩ ሶቅራጥስ አነጋጋሪውን ግላውኮንን፣ አንድ መስመር ወስደህ እኩል ያልሆኑ ሁለት ክፋዮች አድርገው፣ ከዚያ እያንዳንዱን ክፋይ በዚያው ሬሾ ደግመህ ክፈለው ይለዋል። አራት ክፋይ ይወጣል። ከታች ጥላና ነጸብራቅ። ቀጥሎ ጥላውን የሚጥሉት ነገሮች ራሳቸው፣ እንስሳው፣ ዛፉ፣ ሰው የሠራው ዕቃ። ከዚያ እንደ ጂኦሜትሪ ያለው አስተሳሰብ። ከላይ ደግሞ ፕሌቶ ከሁሉ በላይ እውን ናቸው የሚላቸው፣ ፍትሕ ራሱ፣ ውበት ራሱ። ስለ ዕውቀትና ስለ ህልውና ያስተማረው አብዛኛው ነገር እዚህች መስመር ላይ ተሰብስቧል ማለት ይቻላል።

መስመሩን በተማሪው እጅ የሚያሰምር አስተማሪ ግን ብዙም አላየሁም። የተለመደው አራት ሳጥን ያለው ሠንጠረዥ ነው። በግራ የነገሩ ዓይነት፣ በቀኝ የዕውቀቱ ዓይነት፣ መሃል ላይ ቀስት። ተማሪው ይገለብጠዋል፣ ይሸመድደዋል፣ ፈተና ላይ ይጽፈዋል። ሠንጠረዡ ስህተት የለበትም። ችግሩ ተማሪው የሚሠራበት ነገር የለውም። ሬሾው ጠፍቷል፣ እኩል አለመሆኑ ጠፍቷል፣ ሶቅራጥስ ያዘዘው ሥራ ራሱ ጠፍቷል። ፍልስፍናን በሥዕል እናስተምር ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ቆንጆ ሥዕል ማሳየት ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። ተማሪው ሥዕሉን መለካት፣ መቁረጥ፣ ማጠፍ አለበት፤ ሥዕሉ የማይሠራበትን ቦታም ራሱ ፈልጎ ማግኘት አለበት። ይህን የምለው ደብረ ማርቆስ ላይ ካየሁት ተነስቼ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። 12ኛ ክፍል ጨርሰው ዩኒቨርሲቲ የተመደቡ፣ ግን ጥሪ የሚጠብቁ ልጆች ነበሩ። ጥሪው ይራዘማል፣ ልጆቹ ቤት ይውላሉ፣ ወላጅ ይጨነቃል። የሂሳብ መምህር የሆነ ወዳጄ ግቢው ውስጥ ያለችውን አንድ ክፍል ለቀቀላቸውና፣ ከፍሬሽማን ኮርሶች አንዳንዱን ቀድመን እናስጀምራቸው አለኝ። እሱ ሂሳቡን ያዘ፣ እኔ የሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንጉን ያዝኩ። ይህ ኮርስ ገና ከመነሻው ፍልስፍና ምንድን ነው ብሎ ስለ ህልውና ወደሚጠይቀው ሜታፊዚክስና ስለ ዕውቀት ወደሚጠይቀው ኢፒስቴሞሎጂ ስለሚገባ ፕሌቶ ወዲያው ይመጣል። ሞጁሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ለብዙዎቹ ይከብዳል።

ልጆቹ ከየቦታው ናቸው። እዚያው ማርቆስ ያደጉ አሉ። ከደጀን፣ ከብቸና፣ ከሞጣ መጥተው ዘመድ ቤት የተጠጉ አሉ። አንዱ ደብረ ኤልያስ ቅኔ ቤት ቆይቶ ኋላ ወደ ዘመናዊ ትምህርት የገባ ነው። በዕድሜም ከፍ ይላል። ሌሎቹ መሪጌታ ይሉታል፤ እሱ ማዕረጉን አይቀበልም፣ እነሱም መጥራታቸውን አይተዉም። ከዚህ ኮርስ ውጭ የፕሌቶን ስም የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነበር፣ አፍላጦን በሚለው በግዕዝ መጻሕፍት በሚገኘው አጠራር።

ሌሎቹም ባዶ እጃቸውን አልመጡም። ከነባር ተማሪዎች የተገኘ ሀንድአውት ነበራቸው፣ ያቺ ባለ አራት ሳጥን ሠንጠረዥም እዚያው አለች። ጠየቅኳቸው፤ ሁሉም በቃላቸው ያውቋታል። ኤይካሲያ (ግምት)፣ ፒስቲስ (እምነት)፣ ዲያኖያ (ማሰላሰል)፣ ኖኤሲስ (መረዳት)፤ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች። ጥሩ ነው አልኩና ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የሆነውን የፀሐይ ግርዶሽ አነሳሁ። ያኔ ገና ልጆች ነበሩ፣ ግን ያስታውሳሉ። የብቸናዋ ልጅ ቤተሰቦቿ ሳፋ ሙሉ ውሃ ደጅ አውጥተው ግርዶሹን በውሃው ላይ እንዳሳዩዋት ተናገረች።

«ታዲያ ሳፋው ውስጥ ያየሽው ነገር መስመሩ ላይ የት ይገባል? ፀሐይን አይተሻል ወይስ አላየሽም?» አልኳት።

ዝም አለች። ሁሉም ዝም አሉ። ሠንጠረዡ ላይ ነጸብራቅ ከታችኛው ሳጥን እንደሆነ ተጽፏል፤ በቃላቸውም ብለውታል። የራሳቸው ትዝታ ሲሆንባቸው ግን ሳጥኑ አልመጣላቸውም። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልጨምር። ፕሌቶ ፌዶን በተባለው ድርሰቱ ሶቅራጥስን ስለዚሁ ያናግረዋል፦ ግርዶሽን በቀጥታ የሚመለከቱ ሰዎች የፀሐይን ምስል በውሃ ወይም በመሰለ ነገር ካላዩ ዓይናቸው ሊጠፋ ይችላል ይላል። ስለዚህ ለፕሌቶ ምስል ዝቅ ያለ ነገር ብቻ አይደለም። አንዳንዴ ወደ ነገሩ የምንጠጋበት መንገድ ምስሉ ነው። ይህን ማስታወስ ኋላ ላይ ጠቅሞናል።

ሥራውን የጀመርነው በታችኛው ክፋይ ነው። አመሻሽ ላይ መብራት ጠፋ፤ በስልክ ባትሪ አንድ ሲኒ ከግድግዳው ፊት ያዝን። የሲኒው አፍ ክብ ነው። ጥላው ግን ባትሪውን ባንቀሳቀስን ቁጥር ይለዋወጣል፣ አንዴ ሞላላ፣ አንዴ ቀጭን ሰረዝ፣ አንዴ ግድግዳውን ሙሉ የሚያህል። ሲኒውን ሳታዩ ከጥላው ብቻ ስለ ሲኒው ምን ማለት ትችላላችሁ አልን። ግምት ብቻ ነው፤ እጀታ እንዳለው እንኳ የሚታወቀው ባትሪውን የያዘው ልጅ ሲፈቅድ ነው። የወዳጄ እናት ቡና አፍልተው ሲኒ አጥሯቸው ሊወስዱ ገቡ። «ጥላውን እናንተ ያዙት፣ ሲኒውን ለኔ ስጡኝ» አሉን። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያና የሁለተኛው ክፋይ ልዩነት ጥያቄ ሆኖ አያውቅም።

ቀጥለን ወደ መስመሩ ሄድን። ሲባጎ አምጥተን ሦስት ቦታ ተከፋፈልን፣ ለእያንዳንዱ ቡድን የተለያየ ርዝመትና የተለያየ ሬሾ ሰጠን። አንዱ ቡድን 90 ሴንቲሜትር በ1 ለ 2። ሌላው 100 ሴንቲሜትር በ2 ለ 3። ሦስተኛው 160 ሴንቲሜትር በ1 ለ 3። ሬሾውን ሁለቴ ተጠቀሙ፣ በየክፋዩ ቋጠሮ አስሩ፣ ግድግዳው ላይ ቁመቱን በምስማር ስቀሉት፣ ልኩንም ከጎኑ በጠመኔ ጻፉ ነው የተባሉት። የመጀመሪያው 30 እና 60 ሆነ፣ ከዚያ 10፣ 20፣ 20፣ 40። ሁለተኛው 40 እና 60፣ ከዚያ 16፣ 24፣ 24፣ 36። ሦስተኛው 40 እና 120፣ ከዚያ 10፣ 30፣ 30፣ 90።

ያየችው የሞጣዋ ልጅ ናት። «ቲቸር፣ የሁሉም መሃል እኩል ነው።»

መጀመሪያ አጋጣሚ መሰላቸው። ሌላ ሬሾ ሞከሩ፣ ያው ነው። ወዳጄ ጠመኔውን አነሳና በ ሀ እና ለ አረጋገጠላቸው። ሙሉው መስመር በ«ሀ» ለ«ለ» ሬሾ ሲከፈል፣ ከታችኛው ክፋይ የላይኛው ቁራጭ እና ከላይኛው ክፋይ የታችኛው ቁራጭ ሁለቱም (ሀ × ለ) ÷ (ሀ + ለ)² ሲባዛ በጠቅላላው ርዝመት ይሆናሉ። ሬሾው ምንም ይሁን፣ መሃሎቹ እኩል ከመሆን አያመልጡም። ፕሌቶ ይህን በጽሑፉ አንድም ቦታ አይናገረውም። መስመሩ ግን ይናገረዋል። ከሠንጠረዥ ይህን ማግኘት አይቻልም፤ ሳጥኖቹ ሁሉም እኩል ናቸዋ!

ከዚያ ክፍሉ ተቀወጠ። ሁለተኛው ክፋይ ሲኒው፣ ዛፉ፣ በሬው ነው። ሦስተኛው የጂኦሜትሪ አስተሳሰብ ነው። ሶቅራጥስ ክፋዮቹ በግልጽነት ይለያያሉ ብሎ ነው የከፈላቸው። ታዲያ ርዝመት ግልጽነትን የሚያሳይ ከሆነ ሲኒ ማየትና ጂኦሜትሪ ማሰብ እንዴት እኩል ይሆናሉ? የደጀኑ ልጅ ፕሌቶ አላስተዋለውም አለ። ሌሎች ደግሞ፣ ይህን ያህል ሂሳብ የሚወድ ሰው እንዴት ይህ ያመልጠዋል አሉ። በዚህ ጉዳይ የፕሌቶ ሊቃውንትም እስካሁን በሁለቱም ወገን አሉ፤ ነገርኳቸው። ሌላ ክርክርም ተከተለ። ረጅሙ ክፋይ የቱ ነው? ሶቅራጥስ እኩል አይደሉም ይላል እንጂ የትኛው እንደሚረዝም አይናገርም። የሚታየው ዓለም ነው የሚረዝመው፣ ወንበር ሺህ ነው፣ የወንበር ሐሳብ ግን አንድ ነው ያለ አለ። የለም፣ የበለጠ ግልጽ የሆነው ነው የሚረዝመው ያለችም አለች። ይህንኑ ጥያቄ ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ ከ1,900 ዓመት ገደማ በፊት ጠይቆታል። ፕሉታርክን ሰምተው የማያውቁ ልጆች ሲባጎ ይዘው እሱ የቆመበት ቦታ ደረሱ፤ በዚያ ምሽት ከሁሉ ደስ ያሰኘኝ ይህ ነው።

የመሃሎቹን እኩልነት እንዲሁ ከፍተን ተውነው። መልስ ልሰጥ እችል ነበር። ግን ሦስተኛውን ክፋይ ገና በእጃቸው አልነኩትም።

ለሦስተኛው ክፋይ ሶቅራጥስ ራሱ ያስተማረበትን ሥዕል ወሰድን። በሜኖን ድርሰት ውስጥ ጂኦሜትሪ ያልተማረ አንድ ባሪያ ልጅን ጠርቶ ጎኑ 2 ጫማ የሆነ ካሬ ይስልለታል። ስፋቱ 4 ነው። የዚህን እጥፍ፣ 8 የሆነ ካሬ ጎኑ ስንት ነው ይለዋል። ልጁ 4 ይላል፣ ስፋቱ 16 ሆኖ ያርፋል። 3 ይላል፣ 9 ይሆናል። ከዚያ አላውቅም ይላል። በመጨረሻ ሶቅራጥስ ከማዕዘን ማዕዘን የሚሄደውን ሰያፍ መስመር ያሳየዋል፤ የእጥፉ ካሬ ጎን እሱ ነው። እኛ ከደብተር ወረቀት ጎኑ 10 ሴንቲሜትር የሆነ ካሬ ቆረጥን። እጥፉን ሥሩ አልን። የእኛዎቹም መጀመሪያ 20 አሉ። ከዚያ 15። አንዱ ካልኩሌተር አውጥቶ ነበር፤ ወዳጄ ነጠቀው። በመጨረሻ አራት እኩል ካሬዎችን ገጣጥመው እያንዳንዱን በሰያፉ ሲያጥፉ መሃል ላይ የቀረው ካሬ የአንዱ እጥፍ መሆኑ ታየ። እያንዳንዱ ካሬ ግማሹን ሰጠ፣ አራት ግማሽ ሁለት ሙሉ ነው። ይህን ለማየት ቁጥር አላስፈለገም።

ሰያፉን ለኩት አልን። 14 ያለ አለ፣ 14.1፣ 14.2 ያለም። ማን ልክ ነው? ማንም። ሰያፉ ጎኑ ሲባዛ በ2 ስኩዌር ሩት ነው፣ የ2 ስኩዌር ሩት ደግሞ በሁለት ሙሉ ቁጥሮች ሬሾ አይገለጽም፤ ማስመሪያ ላይ ያለ ቁጥር ሁሉ ይጠጋዋል እንጂ አይደርስበትም። ወረቀቱ ደግሞ ጠርዙ ተንሸዋሯል፣ እጥፋቱ ራሱ ውፍረት አለው። ግን እጥፍ መሆኑን ያረጋገጥነው ስለዚህ ወረቀት አልነበረም። ሶቅራጥስ በመስመሩ ክፍል የሚለው ይህንኑ ነው። ጂኦሜትሪ የሚሠሩ ሰዎች የሚታዩ ቅርጾችን ይጠቀማሉ፣ የሚያስቡት ግን ስለተሳለው ሳይሆን ስለ ካሬው ራሱና ስለ ሰያፉ ራሱ ነው። ምሳሌ አድርጎ የሚጠራው በቀጥታ ካሬንና ሰያፍን ነው። የፕሌቶ ተማሪ አሪስጣጣሊስ ሜታፊዚክስ በተባለው መጽሐፉ እንደሚነግረን፣ ፕሮታጎራስ የተባለው የጥንት ግሪክ አሳቢ የጂኦሜትሪ ሰዎችን ሲተች፣ በዓይን የሚታይ ክብ ማስመሪያን በአንድ ነጥብ ብቻ አይነካም ይል ነበር። እውነቱን ነው። በጠመኔ የተሰመረ መስመር ክቡን ሲነካ ሰፋ ያለ ቦታ ነው የሚይዘው። የደጀኑ ልጅ ይህን ሲሰማ ከፕሮታጎራስ ጎን ቆመ፣ እስከ መጨረሻውም አልለቀቀም።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። የሞጣዋ ልጅ የታጠፈውን ካሬ ወረቀት በባትሪው ፊት ያዘች። ግድግዳው ላይ የተንጋደደ ጥላ ወደቀ። ትንሽ አየችውና እንዲህ አለች፦ «ወረቀቱ ለጥላው ዋና ነው። እኛ ስንጠቀምበት ግን ለሌላው ካሬ ምስል ነው። ዕቃው አንድ ነው። ለዚያ ነዋ መሃሎቹ እኩል የሆኑት!»

ሶቅራጥስም ቃል በቃል ባይሆን ይህን ይላል። የሚስሏቸውና የሚቀርጿቸው ቅርጾች ራሳቸው ጥላና በውሃ ላይ ምስል አላቸው፣ አሁን ግን እነሱን በተራቸው እንደ ምስል ይጠቀሙባቸዋል ይላል። ስለዚህ በሁለተኛውና በሦስተኛው ክፋይ ያሉት ነገሮች አንድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚለየው አስተሳሰባችን ነው። ሲኒውን እንደ ሲኒ ሳየው አንድ ቦታ ነኝ፣ አፉን እያየሁ ስለ ክብ ሳስብ ሌላ ቦታ ነኝ። መሃሎቹ እኩል የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ እኔም ከሌላው ማብራሪያ ይልቅ ይህ ያሳምነኛል። ፕሌቶ አስቦበት ይሁን አይሁን ማረጋገጥ አይቻልም። ልጅቷ ግን ከማንም ሳትሰማ፣ ከወረቀትና ከባትሪ ነው ያገኘችው።

የመስመሩ ሥዕል እስከዚህ ጠቅሞናል። ከዚህ ወዲያ ግን ማሳሳት ይጀምራል፣ እኔ ደግሞ ከሁሉ በላይ ጊዜ መስጠት የምፈልገው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ማሳሳቻ መስመሩ ቀጥ ያለ መሆኑ ነው። ከታች ጀምረህ ሳትቋረጥ ትወጣለህ የሚል ስሜት ይሰጣል፤ ብዙ ጥላ ካየህ ሲኒው ላይ ትደርሳለህ፣ ብዙ ሲኒ ከሰበሰብክ ክቡ ላይ ትደርሳለህ። ፕሌቶ የሚለው ይህን አይደለም። በ7ኛው መጽሐፍ ትምህርት ማለት ለታወረ ዓይን ብርሃን መጨመር ሳይሆን ነፍስን በሙሉ ማዞር ነው ይላል። መዞር በቀጥታ መስመር ላይ አይሳልም። ለዚህ ነው ፕሌቶ መስመሩን ካሳየ በኋላ ወዲያው ወደ ዋሻው ታሪክ የሚሄደው፤ ዋሻ ውስጥ ታስረው ግድግዳ ላይ ጥላ ብቻ የሚያዩ እስረኞች ያሉበት፣ ከእነሱም የአንዱ ሰንሰለት ተፈትቶ አንገት የሚዞርበት ታሪክ። ሁለተኛው ማሳሳቻ፣ ፕሌቶ በጎው የሚለው፣ ከሁሉ በላይ ያለው፣ የት ይቀመጣል? ከመስመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ በፀሐይ መስሎታል፤ ፀሐይ ነገሮችን እንድናይ ብርሃን እንደምትሰጥና እንዲያድጉም እንደምታደርግ፣ በጎውም እንድናውቃቸውም እንዲኖሩም ያደርጋል፣ ራሱ ግን ከህልውና በላይ ነው ይላል። እንዲህ ከሆነ መስመሩ ላይ የለም። መስመሩን ሲያብራራ ግን ላይኛው ክፋይ ወደ ሁሉ መነሻ ይደርሳል ይላል። እንዲህ ከሆነ ጫፉ ላይ አለ። ግማሹ ልጅ ምስማሩን ከሲባጎው ጫፍ ላይ መታ፣ ግማሹ ከሲባጎው ውጭ ከፍ አድርጎ መታ። ሁለቱንም ተውናቸው።

መሪጌታ የሚሉት ልጅ እስከዚህ ብዙም አልተናገረም ነበር። አሁን ተናገረ። «የኔታ ሥላሴን ሲያስተምሩን በፀሐይ ይመስሉልን ነበር፣ ክበቧ፣ ብርሃኗ፣ ሙቀቷ። መስለው ሲጨርሱ ግን ሁልጊዜ፣ ምሳሌ ከሚመሰልለት ነገር ያንሳል፣ የሚያንስበትን ደግሞ እወቁ ይሉናል።» ከዚያ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያለውን የሥላሴ ሥዕል አነሳ፣ ሦስት አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ሽማግሌዎች፣ በአራቱ ማዕዘን አርባዕቱ እንስሳ። ሥዕሉን የሚሳለም ሰው ሁሉ ሥላሴ ፂም አላቸው ብሎ አያምንም አለ። ሥዕሉን ያከብራል፣ የሚያንስበትንም ያውቃል። በጎጃም አብነት ቤት የተማረ ሰው ይህን ልማድ ይዞ ነው የሚመጣው፣ እኛ ደግሞ በዘመናዊ ክፍል ውስጥ ረስተነዋል። በሞጁሉ ውስጥ ስንት ሥዕል አለ፤ የቬን ክቦች አሉ፣ የተቃርኖ ካሬ አለ፤ የትኛው የት ላይ እንደሚያንስ የሚጠየቅበት መልመጃ ግን እኔ አላየሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማንኛውም ሥዕል «የሚያንስበት የት ነው?» የሚለው ጥያቄ የክፍላችን ሕግ ሆነ። ያመጣው እሱ ነው።

ሕጉን ወዲያው ዋሻው ላይ ተጠቀሙበት። ፀሐይን፣ መስመሩንና ዋሻውን ሦስቱንም አንዱን በአንዱ ላይ አነባብሩ አልናቸው። ፀሐይ ምክንያትን ታሳያለች፣ መስመሩ ሬሾን፣ ዋሻው ጉዞን። አብዛኛው ይገጥማል። አንድ ቦታ ላይ ግን የብቸናዋ ልጅ አልገጠመላትም። የዋሻው እስረኞች የሚያዩት ጥላ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከታችኛው ክፋይ ናቸው። ሶቅራጥስ ግን እስረኞቹ እኛን ይመስላሉ ይላል። «እኛ ግን ቀኑን ሙሉ ጥላ ስናይ አንውልም። በሬ እናያለን፣ ሲኒ እናያለን። ሁለተኛው ላይ ነን። ታዲያ እንዴት እኛን ይመስላሉ?» አለች። ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፣ ፕሌቶን ያጠኑ ሰዎች ብዙ የጻፉበት።

የተሻለውን መልስ ያገኘነው ከራሳቸው ችግር ነው። ፕሌቶ ከዋሻው በኋላ፣ ወደ ዋሻው የተመለሰው ሰው በፍርድ ቤት ስለ ፍትሕ ጥላዎች መከራከር እንደሚገደድ ይናገራል። ጥላው የሲኒ ጥላ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ስለ ፍትሕ፣ ስለ መልካም፣ ስለ ክብር ከሌላ ሰው የተቀበልነው፣ ያልመረመርነው ነገርም ጥላ ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ስልካቸውን አወጡ። ጥሪ በሚጠብቁበት በዚያ ሰሞን በየግሩፑ የጥሪ ማስታወቂያ ይዞር ነበር። የስክሪንሾት ስክሪንሾት፣ ማህተሙ የደበዘዘ፣ ቀኑ የተቀየረ። ከሞጣ አንድ ጓደኛቸው ሻንጣውን ይዞ ወደ መናኸሪያ ወርዶ ነበር። ማስታወቂያውን ያወጣው አካል በር ላይ የለጠፈው ወረቀት ሁለተኛው ክፋይ ከሆነ፣ ስልካቸው ላይ ያለው ምን እንደሆነ ማንም መጠየቅ አላስፈለገውም። ስለዚህ በዕቃ ጉዳይ ሁለተኛው ላይ እንኖራለን፣ በወሬና በፍርድ ጉዳይ ግን ከታች ነን አሉ። መልሱ ሙሉ ነው አልልም። እስረኞቹ እኛን ይመስላሉ የሚለውን ግን ከሠንጠረዥ በተሻለ ያስረዳል።

መጨረሻ ላይ እያንዳንዳቸው መስመሩን ቤት ውስጥ ላለ ሰው እንዲያስረዱና መልስ ያጡበትን ጥያቄ ይዘው እንዲመጡ ጠየቅናቸው። የብቸናዋ ልጅ ለታናሽ ወንድሟ አስረዳች። ልጁ ሲባጎውን ነካ አድርጎ «ይሄ መስመር ራሱስ የት ነው ያለው?» ብሏታል። ጥያቄው ክፍሉን ሙሉ አከራከረ። ሲባጎው በምስማር የተሰቀለ ዕቃ ነው፤ ሁለተኛው ክፋይ። ስለ ሬሾው ስናስብበት ሦስተኛው። ስልክ ላይ ፎቶ ካነሳነው አንደኛው። በሥዕል የሚያስተምር ሰው ይህን ጥያቄ መሸሽ የለበትም፤ ምስልን ከታች ያስቀመጠ ፈላስፋ ትምህርቱን በምስል ለምን እንዳስተማረ የሚያስረዳው ይኸው ጥያቄ ነው። ምስሉን ምስል መሆኑን እያወቁ መጠቀም አንድ ነገር ነው፣ ነገሩ ራሱ ነው ብሎ ማየት ሌላ ነው።

ሁሉም እንዲህ አልሆኑም። ሁለት ልጆች እስከ መጨረሻው ሠንጠረዡን መረጡ። አንዱ በግልጽ ነገረኝ፦ «ቲቸር፣ ፈተናው ምርጫ ነው፣ ሲባጎ አይጠይቅም።» ለፈተናው ልክ ነው፣ ሠንጠረዡን አልከለከልኩትም። የግርዶሹን ጥያቄ ደግሜ ስጠይቅ ግን እሱ አሁንም ሳጥኑን ነው የነገረኝ። የሞጣዋ ልጅ ሳፋ ውስጥ ያለው ምስል እንደሆነ፣ ግን እያወቁ ካዩት ስለ ግርዶሹ በእሱ ማሰብ እንደሚቻል፣ ፀሐይ ነው ብሎ ያመነ ግን ከታች እንደቀረ አስረዳች። አንድ ነገር ለሁለት ሰው ሁለት ቦታ ሊሆን እንደሚችል ገብቷታል።

ኋላ ጥሪው መጣ፣ ልጆቹም ተበተኑ። ወዳጄና እኔ ስለ ቅደም ተከተሉ እስካሁን አልተስማማንም። እሱ ከወረቀት ማጠፉ መጀመር አለበት ይላል፤ ተማሪው መጀመሪያ ማረጋገጥ ምን እንደሆነ ካልቀመሰ ጥላው ጨዋታ ይሆንበታል ባይ ነው። እኔ ከጥላው ይጀመር እላለሁ፤ ሂሳብ የሚፈራ ልጅ በወረቀቱ ከተጀመረ ቀድሞ ይዘጋል። ለሚቀጥሉት ልጆች ሁለቱንም እንሞክራለን። መሞከር ለሚፈልግ ሰው ሲባጎ፣ ሜትር፣ ጠመኔ፣ ባትሪና ጥቂት የደብተር ወረቀት ይበቃል። ለመጀመሪያ 90 ሴንቲሜትር በ1 ለ 2 ይመቻል፣ ቁጥሮቹ ሙሉ ሆነው ይወጣሉ። ግን አንድ ቡድን ብቻ አታድርጉ፤ ቢያንስ ሁለት የተለያየ ሬሾ ይኑር፣ ያለበለዚያ መሃሉ እኩል መሆኑ አጋጣሚ መስሎ ያልፋል። እኩል መሆኑንም ቀድማችሁ አትንገሯቸው።